ቦዬ ጉማሬ ለማየት ሲኬድ ምን ይያዛል? ከጅማ ለሚነሱ የአንድ ቀን ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ባላቸው አገሮች የውኃ እንስሳት ፓርክ የሚባል ነገር አለ። ዶልፊኑ በገንዳ፣ ሻርኩ ከመስታወት ጀርባ ነው። ጎብኚው ኮፍያና ቅያሪ ልብስ ይዞ ከገባ የቀረውን ሱቁ፣ ሽንት ቤቱና አጥሩ ይጨርሱለታል። የጅማ የውኃ እንስሳ ግን ጉማሬ ነው፤ ያለውም ከከተማው ጥግ፣ በአዲስ አበባው መንገድ በኩል ባለው የቦዬ ረግረግ ውስጥ ነው። ቦታው ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰው ለሰፈር ሽርሽር እንደሚወጣ ባዶ እጁን ይሄዳል። በእናንተና በእንስሳው መካከል ግን አጥር የለም። ስለዚህ አጥሩ፣ ሱቁና ሽንት ቤቱ የሚሠሩትን ሥራ ከቤት የምታወጡት ቦርሳ ሊሠራው ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ስሌት 2 አዋቂና 3 ልጆች ላሉት ቤተሰብ ነው፤ ቁጥራችሁ ከተለየ እንደዚያው ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ወስኑ

ዕቃው የሚታወቀው ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነው ደግሞ ጉማሬው ነው። የጉማሬ ቆዳ ወፍራም ነው፤ ጥንት ከቆዳው የሚሠራው አለንጋ ራሱ «ጉማሬ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ግን ፀሐይ አይችልም፤ እርጥበቱን ቶሎ ስለሚያጣ ይሰነጠቃል። ቀኑን ውኃ ውስጥ ተኝቶ የሚውለው ለዚህ ነው። ሲመሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ድረስ ይበላል። ጎህ ሲቀድ ይመለሳል።

እንግዲህ ሲወጣም ሲመለስም መንገዱ ላይ መገኘት የለባችሁም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት አትድረሱ፤ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ዳር ላይ አትቆዩ። ጅማ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ያህል መጠባበቂያ ይኖራችኋል። ከሁሉ የተሻለው የማያ ጊዜ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ነፋሱም ገና አልተነሳም፣ ስለዚህ የውኃው ፊት ረጋ ያለ ነው። እንደዚያ ባለ ውኃ ላይ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ብቅ ቢል እንኳ ይታያል። ሰማዩ የከበደና ቀዝቃዛ በሆነ ቀን ግን ጉማሬ በቀንም ከውኃ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ቀን ርቀታችሁን እጥፍ አድርጉ።

ወሩም ለውጥ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይበረታል፣ ውኃው ይሰፋል፣ እንስሳቱም ይበታተናሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ውኃው ስለሚሰበሰብ ፍለጋው ይቀላል፤ ጭቃውም ይቀንሳል።

ለእግር

ከዕቃው ሁሉ ቀድማችሁ ማሰብ ያለባችሁ ጫማ ነው፤ የቦዬን ቀን የሚያበላሽ ነገር ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነውና። የረግረጉ አፈር ዋልካ ነው፤ ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ኮንጎ ጫማ ያንሸራትታል፤ በዚያ ላይ ዋልካው ከእግር ላይ መጥጦ ያስቀረዋል። ሸበጥ ጨርሶ አይሆንም። ትክክለኛው ጫማ እስከ ቅልጥም አጋማሽ የሚደርስ ቦቲ ነው፤ ከነካልሲው ልክ የሚሆን መሆን አለበት፣ ሰፊ ቦቲ ከጭቃው ሳይወጣ እግር ብቻውን ይወጣልና። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጥንድ ካልሲ ያዙ፤ አንዱን በእግር፣ አንዱን በፌስታል።

ሌላው ነገር ዱላ ነው። ቁመቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሆነ ጠንካራ የባሕር ዛፍ ዱላ ይበቃል። ለእንስሳ መከላከያ አይደለም፣ በዱላ ጉማሬ የመለሰ የለም። በጅማ ዙሪያ ባሉት ረግረጎች ለጡብ የሚሆን አፈር ይቆፈራል፤ ጉድጓዶቹ ውኃ ሲሞሉና ሣር ሲከድናቸው ከሜዳው አይለዩም። ከፊት የሚሄደው አዋቂ ቄጠማና ሣር በሸፈነው ቦታ ሁሉ አስቀድሞ በዱላ ይውጋ። ዱላው ከአንድ ክንድ በላይ ከገባ ሌላ መንገድ ፈልጉ። ልጆች በአዋቂው ዱካ ላይ ብቻ ይርገጡ።

ለገላ

ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ልብሱ የሚደራረብ ይሁን፦ እጀ ረጅም ስስ ሸሚዝ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ የዝናብ ልብስ። ሱሪው ረጅም ሆኖ ቦቲ ውስጥ የሚገባ ይሁን። ቀለሙ ቡናማ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቢሆን ጥሩ ነው። ነጭ ነጠላና ደማቅ ቢጫ ወፎቹን ያስበረግጋሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም የነጠላው ነገር ያሳዝናል፣ ከዋልካ የሚተርፍ ነጭ የለምና።

ጃንጥላ አገራችን ለፀሐይም ለዝናብም የሚያዝ ዕቃ ስለሆነ ተዉት ማለት ይከብዳል። ግን ድንገት ሲከፈት የሚያደርገው ጥላና ድምፅ ለእንስሳ አስፈሪ ነው። ከያዛችሁ ቤት ሳላችሁ ክፈቱት፣ ወይም ከውኃው ርቃችሁ ምሳ ስትበሉ ብቻ ተጠቀሙበት። ለማያ ሰዓት ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ኮፍያ ይበልጣል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር ፀሐይ ቆዳን የማቃጠል ኃይሏ ይጨምራል፣ ደመና ቢኖርም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያላችሁ ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን በየሁለት ሰዓቱ ለፊት፣ ለማጅራትና ለእጅ ጀርባ ቀቡ።

መብረቅ ያለበት ዝናብ ከመጣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ዕቃ ሰብስባችሁ ወደ መንገዱና ወደ ቤቶቹ ተመለሱ።

ውኃ፦ የሚጠጣው፣ የሚታጠቡበትና የማይነካው

የሚጠጣው ለአዋቂ 2 ሊትር፣ ለልጅ 1 ሊትር፣ በድምሩ 7 ሊትር ነው። በአንድ ትልቅ ዕቃ አትያዙት፤ በየሰው ሃይላንድ አከፋፍሉት፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው አለ፤ ማን እንዳልጠጣም በዓይን ይታያል።

የሚታጠቡበት 5 ሊትር ጄሪካን ከነሳሙናው ነው። ብዙ ሰው «ውኃ አጠገብ እየሄድን ውኃ ለምን እንሸከማለን?» ይላል። የአዌቱ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ ቦዬ ይገባል፤ ሕዝቡ የጣለው ሁሉ እዚያ ያርፋል። በዚያ ላይ እንዲህ ባለ የረጋ ጣፋጭ ውኃ ውስጥ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ ሊኖር ይችላል። ተውሳኩ ባልቆሰለ ቆዳም ቢሆን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ መግባቱም አይታወቅም። ስለዚህ እጅ መታጠብ፣ ዕቃ ማለቅለቅ፣ የልጅ እግር ማጥለቅ፣ ለሶላት ውዱእ ማድረግ ሁሉ ከጄሪካኑ ይሁን። ለመስገጃ አንድ ትንሽ ሸራ ብትጨምሩ መስገጃው ከጭቃ ይድናል።

7 ሊትርና 5 ሊትር ሲደመር ውኃ ብቻ 12 ኪሎ ግራም ሆነ። ባጃጅ እስኪያደርሳችሁ ድረስ ችግር የለውም። በእግር የምትሄዱበትን ግን አስቡ፤ ጄሪካኑን ምሳ የምትበሉበት ቦታ አስቀምጡት፣ ወደ ማያው ሃይላንዱን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ።

አገልግልና ቡና

ለመንገድ ምሳ ከአገልግል የሚሻል ዕቃ አልተሠራም፤ ቆዳው ከውጭ ሙቀትና አቧራ ይከላከላል፣ ክዳኑም ይታሰራል። 2 አዋቂና 3 ልጆች 7 እንጀራ ይበቃቸዋል፤ 8 አድርጉት። ወጡ መፍሰስ የሌለበት ይሁን፦ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ድፍን ምስር፣ ጎመን፣ ድንች አልጫ። ስጋ ከፈለጋችሁ ቋንጣ ፍርፍር ከሌላው ስጋ ሁሉ ይቆያል። ክትፎ፣ እርጎና የተቀቀለ እንቁላል ፀሐይ ላይ ከ2 ሰዓት በላይ ስለማያስተማምኑ ቤት ይቅሩ።

ጅማ ላይ ጓደኛሞች ሲወጡ ክርስቲያንና ሙስሊም ተቀላቅሎ መሄዱ የተለመደ ነው። የስጋውን ጥያቄ ከሥሩ የሚፈታው የጾም ምግብ ማድረግ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ቢሆንም አያስቸግርም፣ ሁሉም ከአንድ አገልግል ይበላል።

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ወጡ ትኩስ እያለ ክዳኑን መግጠም ነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ውኃ ይመለሳል፣ እንጀራውን ያረጥበዋል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሲከፈት ወጡ መኮምጠጥ ጀምሯል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሠርታችሁ ለ30 ደቂቃ ያህል ክፍት ትታችሁ አቀዝቅዙ፤ እንጀራውን ከሥር ዘርጉ፣ ወጡን መሐል አድርጉ፣ ሌላ እንጀራ ሸፍኑበትና ከዚያ ክደኑ።

ከምሳ በፊት ለሚርበው ልጅ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን ያዙ፤ ሙዙን ከላይ አድርጉት። ጭኮ ያለው ቤት እድለኛ ነው፤ ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ ስለሚሠራ አይበላሽም፣ ትንሽ ቁራጭ ብዙ ሰዓት ያቆያል። ለጾመኛ በዘይት የታሸ የበሶ ጭብጦ ያው ነው።

ቡናውን በተመለከተ ጅማ ውስጥ ተቀምጦ ያለ ቡና ቀን ማሳለፍ አይታሰብም። ነገር ግን ምድጃና ከሰል ይዛችሁ አትሂዱ፤ በበጋ የደረቀው ሣር በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል፣ ጭሱም እንስሳውን ያርቃል። ቤት አፍሉና በፔርሙስ ያዙ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ባለ 1 ሊትሩን ፔርሙስ በፈላ ውኃ ሞልታችሁ 5 ደቂቃ አቆዩና ድፉት፤ ይህ ካልተደረገ የቡናው ሙቀት ፔርሙሱን በማሞቅ ያልቃል። ጀበናውን አተላው እስኪዘቅጥ 5 ደቂቃ አስቀምጡት፣ ከዚያ በማጥለያ ገልብጡ። አተላ ከገባ ቡናው ውስጡ መብሰሉን ስለሚቀጥል እስከ ቀትር ይመራል። ስኳር አትጨምሩ፤ ለየብቻ በትንሽ ዕቃ ይያዝ። አንዱ ፔርሙስ 12 ስኒ ያህል ይወጣዋል። ስኒው ግን የሸክላው አይሁን፤ የብረት ወይም የፕላስቲክ ኩባያ ውበት ባይኖረውም ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ አይቆርጥም።

ለመቀመጫ

የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ እዚህ ላይ ጥቅሙ ይታያል፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ባልተስተካከለ መሬት ላይ አይወላገድም። እርጥብ ዋልካ ላይ ግን እግሮቹ ይሰምጣሉ፤ ከሥር የታጠፈ ማዳበሪያ አንጥፉለት። ለቀሪው ሰው 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ሸራ ይበቃል። የት እንደምታነጥፉት ግን ተጠንቀቁ። የጉማሬ መንገድ ይታወቃል፤ በቀኝና በግራ እግሩ የሚረግጣቸው ሁለት ቦዮች ሆነው መሐላቸው ከፍ ያለ ጀርባ ይተዋል። እንዲህ ያለ ዱካ፣ ወይም ቁጥቋጦ ላይ በጅራት የተረጨ ፋንድያ ካያችሁ የምሳ ቦታ አይደለም፤ መንገድ ላይ ናችሁ።

ለማየት

የሩቅ ማያ ባይኖኩላር ከተገኘ 8 በ42 የሚለው ይመረጣል። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል። ለአምስት ሰው አንድ ይበቃል፣ በተራ። ሞባይላችሁን ዓይን የሚገባበት ላይ ገጥማችሁ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል፤ የስልኩን ካሜራ መሐል ላይ ለማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። ፓወር ባንክና ስልክ በሁለት ፌስታል ተጠቅልለው ይያዙ።

ጉማሬ በየ3 እና 5 ደቂቃው ለመተንፈስ ብቅ ይላል። «የለም» ብላችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ቦታ ላይ 10 ደቂቃ ሙሉ ተመልከቱ። ስንት እንደሆኑ ለማወቅ በአንድ ጊዜ የታየውን ከፍተኛ ቁጥር ያዙ፤ ብቅ ባሉ ቁጥር ከደመራችሁ አንዱን አሥር ጊዜ ትቆጥራላችሁ። ቆዳው ላይ ቀላ ያለ ፈሳሽ ብታዩ ቁስል አይደለም፤ ቆዳው ከፀሐይ ራሱን የሚከላከልበት ነው።

ከውኃው ዳር ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ፤ ከፍ ያለ ቦታ ከተገኘ ይመረጣል። የደረሰ ወንድ ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ እንደዚያም ሆኖ በየብስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፣ ሰው አያመልጠውም። አፉን በሰፊው ሲከፍት አዛግቶ አይደለም፤ ጥርሱን እያሳየ «ሂዱ» ማለቱ ነው። አፍንጫውን ሲያንኮራፋ፣ ራሱን ሲያወዛውዝ ወይም ውኃውን እየገፋ ወደ እናንተ ሲመጣ ዕቃውን ትታችሁ ራቁ። ከውኃ ውጪ ከሆነ ደግሞ በእሱና በውኃው መካከል በፍጹም አትቁሙ፤ የደነገጠ ጉማሬ የሚያውቀው መሸሻ ውኃው ብቻ ስለሆነ መንገዱ ላይ ያለውን ጥሶ ያልፋል።

ዛሬ የት እንዳሉ በጣም የሚያውቁት ከብት የሚጠብቁት ናቸው። ጉማሬ በኦሮምኛ «ሮቢ» ነው። «ሮቢን ኤሳ ጂራ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለሚያሳያችሁ ሰው የሚሰጥ ዝርዝር ብር በቅርብ ኪስ ይኑር። ውሻችሁን ቤት ተዉት። ድምፅ ማጉያም እንደዚያው።

የመድኃኒት ከረጢት

አንድ ትንሽ ከረጢት ትበቃለች፦ 10 ፕላስተር፣ አንድ ጥቅል ጎዝ፣ ፓራሲታሞል፣ 2 ከረጢት ኦአርኤስ (አንዱ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል)፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት። የወባ ትንኝ የምትናከሰው በአብዛኛው ከመሸ ስለሆነ በሰዓቱ ከወጣችሁ ቅባቱ መጠባበቂያ ነው፤ ከዘገያችሁ ግን ዋናው ዕቃ እሱ ይሆናል። አልቅት ከያዛችሁ ጨውም እሳትም አታድርጉበት፤ ደሙን ወደ ቁስሉ መልሶ ይተፋል። በጥፍር ከቀጭኑ ጫፍ በኩል ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ አላቁት፣ ቦታውን በሳሙና እጠቡ።

ሽንት ቤት የለም። ከከተማ ሳትወጡ ጨርሱ፤ ለድንገተኛው ሶፍትና ትንሽ መቆፈሪያ ያዙ፣ ከውኃው 60 ሜትር ራቁ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩ።

ማታ ላይ ማሸግ

በሦስት ክፈሉት። አንደኛው ከትከሻ የማይወርደው ነው፦ ስልክ፣ ብር፣ የመድኃኒቱ ከረጢት፣ ባይኖኩላር፣ ሃይላንድ። ሸሽታችሁ ዕቃ ብትጥሉ እንኳ ይህ አብሯችሁ ነው። ሁለተኛው የምሳ ቦታው ነው፦ አገልግል፣ ፔርሙስ፣ ጄሪካን፣ ሸራ፣ በርጩማ። ሦስተኛው ባዶ ማዳበሪያና 5 ፌስታል ነው፤ ስትሄዱ ቅያሪ ካልሲና የልጆች ሱሪ ይይዛል፣ ስትመለሱ ጭቃ የነካውንና ቆሻሻውን። የልጣጭ ነገር ሳይቀር ወደ ቤት ይመለስ፤ የተጣለ ፌስታል ከሣር ጋር አብሮ ይጋጣልና።

ባጃጅ ከኋላ 3 ሰው ስለሚይዝ ለአምስት ሰውና ለዕቃው ሁለት ያስፈልጋል። የመመለሻውን ሰዓት ሲያወርዷችሁ ተነጋገሩ፤ 10 ሰዓት ላይ ብላችሁ ቅጠሩ፣ 10 ሰዓት ተኩል ቢመጣም አይመሽባችሁም።

ቤት ስትደርሱ ቦቲውን ሳይደርቅ እጠቡና አፉን ወደ ታች ገልብጡት፤ ዋልካ ከደረቀ በኋላ መጋዝ ይፈልጋል። ከሳምንት በኋላ ወይም ከዚያ ዘግይቶ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቆዩ። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የደም ምርመራ አድርጉ፤ ውኃው ውስጥ የገባ ልጅ ካለም ለሐኪሙ ንገሩት።